የድፍን ቁጥሮች ቶፖሎጂ ሲያስቸግር

ድፍን ቁጥሮች ላይ ቶፖሎጂ (የትኞቹ ስብስቦች «ክፍት» እንደሆኑ፣ በዚያም ምን ከምን ጋር እንደሚቀራረብ የሚወስን ሕግ) ስትሠሩ የሚገጥማችሁ ጣጣ በአብዛኛው ከአንድ ቦታ ይመጣል፤ ጭንቅላታችሁ የቁጥር መስመሩን አልለቀቀም። እዚህ ግን መቀራረብ ማለት ሌላ ነው።

ችግር፦ 1፣ 2፣ 6፣ 24፣ 120 እያለ የሚያድገው የፋክቶሪያል (ከ1 እስከ አንድ ቁጥር ያሉት ሁሉ ሲባዙ የሚገኘው) ተከታታይ ወደ 0 ይጠጋል የሚል ውጤት መጣ።

ምክንያት፦ አልተሳሳታችሁም። የሒሳብ ሊቁ ፉርስተንበርግ በ1955 ባወጣው ቶፖሎጂ ክፍት ስብስብ የሚሠራው እኩል እየዘለሉ በሁለቱም አቅጣጫ ከሚሄዱ ረድፎች ነው። በ7 የሚዘልለውን የ0 ረድፍ (…፣ -7፣ 0፣ 7፣ 14፣ …) ውሰዱ። ከ7 ፋክቶሪያል ጀምሮ ሁሉም እዚያ ውስጥ ናቸው። የትኛውም ዝላይ ቢሰጣችሁ ያው ነው፤ እዚህ ወደ 0 መጠጋት ማለትም ይኸው ነው።

ችግር፦ ሁሉም ስብስብ ክፍት ሆኖ ቁጭ አለ።

መፍትሄ፦ ዝላዩ 0 እንዲሆን ፈቅዳችኋል። ከልክሉት፣ አለቀ።

ችግር፦ ፕራይም ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው የሚያሳየው ማረጋገጫ መሃል ላይ ይቆማል።

ምክንያት፦ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ እኔም ተሰናክያለሁ። የፕራይሞች ብዜቶች ዝግ (ከስብስቡ ውጭ ያለው ሁሉ ክፍት የሆነ) ስለሆኑ ጥምረታቸውም ዝግ ነው ብላችሁ ታልፋላችሁ። ዝግ ስብስቦች ሲጣመሩ ዝግነታቸው የሚረጋገጠው ግን ቁጥራቸው ውስን ከሆነ ብቻ ነው።

መፍትሄ፦ «ፕራይሞች ውስን ናቸው እንበል» የሚለውን መጀመሪያ ጻፉት። የ3 ብዜቶች ዝግ ናቸው፤ ከነሱ ውጭ ያለው የሁለት ክፍት ረድፎች ጥምረት ነውና። ሌሎቹም እንዲሁ። ሁሉም ሲጣመሩ የሚቀሩት 1 እና -1 ብቻ ናቸው። (ያቺን -1 አትርሷት!) ጥምረቱ ዝግ ከሆነ እነዚህ ሁለቱ ክፍት ስብስብ ሊሆኑ ነው። ባዶ ያልሆነ ክፍት ስብስብ ግን ቢያንስ አንድ ሙሉ ረድፍ ይይዛል፤ ረድፍ ደግሞ አያልቅም። ተጋጨ።

ችግር፦ ቦታው የተያያዘ (ባዶ ላልሆኑ ሁለት የማይገናኙ ክፍት ስብስቦች የማይከፈል) እንዲሆን ፈልጌ ነበር፣ ይሰነጠቃል።

ምክንያት፦ እያንዳንዱ ረድፍ ክፍትም ዝግም ነው። ጥገና አይሠራለትም፤ ቶፖሎጂውን መቀየር ነው።

መፍትሄ፦ በ1959 የሒሳብ ሊቁ ጎሎምብ ያጠናውን ቶፖሎጂ ያዙ። አዎንታዊ ቁጥሮችን ብቻ ውሰዱ፤ መነሻውና ዝላዩ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸውን ረድፎች ብቻ ፍቀዱ። አሁን አይሰነጠቅም። አንዱ በ4፣ ሌላው በ9 ቢዘልሉ፣ የ36 ብዜቶች በሁለቱም መዝጊያ (ረድፉን በያዘው ትንሹ ዝግ ስብስብ) ውስጥ ይገኛሉ፤ ቢሰነጠቅ ኖሮ በተለያየ ክፍል ያሉ ረድፎች መዝጊያዎች ባልተገናኙ ነበር። የሒሳብ ሊቁ ዲሪክሌ በ1837 ያረጋገጠው፣ እንዲህ ያለ ረድፍ ሁሉ ማለቂያ የሌላቸው ፕራይሞች አሉት የሚለው ቲዎረም፣ እዚህ «ፕራይሞች በየክፍት ስብስቡ ይገኛሉ» ወደሚል አንድ መስመር ያጥራል። መስመሩ አጠረ እንጂ ማረጋገጫው አልቀለለም፤ ያንን ከቶፖሎጂው ብቻ አትጠብቁ።