ተገዝቶ የሚቀርብ የበዓል እራት የት ላይ ይበላሻል? ችግርና መፍትሄ

ለበዓል እራት ግማሹን ከሱፐርማርኬት ገዝቶ ማቅረብ ምንም ነውር የለውም፣ እንደውም እንግዳ የሚያበዛ ሰው ብልጠቱ እሱ ነው። ጣጣው የሚመጣው ካርቶኑን እንግዳ በር ላይ ሲደርስ ስንከፍት ነው፣ ምክንያቱም በረዶ ማስለቀቁም ማሞቁም ማጣፈጡም ለኛ የቀረ ስራ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የፓኬቶቹን ጀርባ ከአንድ ሁለት ቀን በፊት አንብቡ፣ ከዛ ወደ ችግሮቹ።

ዶሮው ውስጡ ገና በረዶ ነው፣ እንግዶቹ ደሞ መንገድ ላይ ናቸው

ምክንያቱ ጊዜ ነው። ከፍሪዘር የወጣ ሙሉ ዶሮ ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ በረዶው እንዲለቅ ለ2 ኪሎ ገደማ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፣ 5 ኪሎ የሚሞላ ትልቅ ከሆነማ ሁለት ቀን ተኩል ምናምን። ብዙ ሰው ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ ያሳድረዋል፣ ኧረ በፍጹም፣ ላዩ ሞቆ ባክቴሪያ ሲራባበት ውስጡ ገና ድንጋይ ነው።

ያን ያህል ቀን ከሌላችሁ ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ አሽጋችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩትና ውሃውን በየ30 ደቂቃው ቀይሩት፣ ለአንድ ኪሎ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። እሱም ጊዜ ከሌለ ከነበረዶው ኦቨን ውስጥ መክተት ይቻላል፣ ከተለመደው ሰዓት ግማሽ ያህል ጨምሩበት። አንዳንዱ ዶሮ ሆዱ ውስጥ ጉበትና ሌላ የሆድ ዕቃ የያዘች ትንሽ ከረጢት አለችው፣ በረዶው ላላ ሲል አውጧት። መብሰሉን በቀለም አትገምቱ፣ ቴርሞሜትር ጭኑና ደረቱ ወፍራም ቦታ ላይ፣ አጥንት ሳይነካ ስካችሁ 74 ዲግሪ ካለ በቃ።

ተጠብሶ የተገዛው ዶሮ ስናሞቀው እንጨት ሆነ

አንዴ በስሎ ያለቀ ስጋ ነው፣ ክፍቱን ድጋሚ ኦቨን ሲገባ የቀረችው እርጥበት ትተናለች፣ በተለይ ደረቱ ስብ ስለሌለው ቶሎ ይደርቃል። ብልት ብልቱን አውጥታችሁ ትሪ ላይ ደርድሩ፣ ሁለት ሶስት ማንኪያ መረቅ ከስሩ አፍስሱ፣ በፎይል ግጥም አርጋችሁ ሸፍኑና 180 ዲግሪ ላይ 25 ደቂቃ ያህል፣ የመጨረሻዋን 5 ደቂቃ ፎይሉን ግለጡት ቆዳው እንዲደርቅ። ከደረቀ በኋላ ከሆነ የነቃችሁት ደግሞ ደረቱን በስሱ ቆርጣችሁ ቅቤ የቀለጠበት ትኩስ መረቅ አልብሱት፣ ማንም አያውቅባችሁም።

አንዱ ካርቶን 180 ይላል፣ አንዱ 200፣ ኦቨኑ ግን አንድ ነው

የበዓል እራት በብዛት የሚበላሸው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ካርቶኑ ላይ ያለው ሰዓት የተጻፈው ቀድሞ በጋለ ኦቨን ውስጥ ያ ምግብ ብቻውን ሲገባ ነው፣ ሶስት ቀዝቃዛ ትሪ አንድ ላይ ከከተታችሁ ሙቀቱ ይወርድና ሁሉም ይዘገያል፣ ከዛ ሰው በሩን እየከፈተ ያያል፣ እሱ ደሞ ይብስበታል።

ከ180 እስከ 200 የሚሉትን በሙሉ 190 ላይ አብራችሁ ማስገባት ትችላላችሁ፣ ትንሽ ደቂቃ ጨምሩ፣ መሃል ላይ የላዩንና የታቹን ትሪ አቀያይሩ። ሰዓቱን ደሞ ከመጨረሻው ወደኋላ ቁጠሩት፤ እራት ማታ 1 ሰዓት ከሆነ ትልቁ ጥብስ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል፣ ፎይል ለብሶ ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ ጭማቂው ስጋው ውስጥ ይረጋል፣ ባዶ የሆነው ኦቨን ውስጥ ደሞ አትክልቱና ዳቦው ይገባሉ። ይሄን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉት፣ ጭንቅላት ውስጥ ያለ ፕላን የመጀመሪያው እንግዳ በር ሲያንኳኳ ይጠፋል።

የፍሪዘር አትክልቱ ውሃ ቋጥሮ ለጥ አለ

በረዶ ሲሰራ የአትክልቱን ውስጥ ይሰባብረዋል፣ ስለዚህ ሲለቅ ውሃ ይተፋል። ቀድማችሁ አታቅልጡት። ባዶ ትሪ 220 ላይ አግላችሁ ከነበረዶው ዘይት ነካ አርጋችሁ በትኑበት፣ ሳይደራረብ፣ ከተደራረበ በእንፋሎት ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

የፓኬት ሶሱ ጓጎለ፣ ወይም ጨው ሆነ

ዱቄቱን የፈላ ውሃ ላይ በቀጥታ ስትነሰንሱት ላዩ ወዲያው ይበስልና ውስጡ ደረቅ እንዳለ ይቋጠራል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት። የጓጎለውን በወንፊት አሳልፉት፣ አለቀ። ጨው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የታሸገው መረቅ ነው፣ እያፈላችሁ ስታመነምኑት ውሃው ይሄዳል ጨው ይቀራል። ጨው በሌለው መረቅ ወይም ክሬም አቅጥኑት፣ ድንች መጣሉን ተዉት፣ የሚመጠው ከነጨው ፈሳሹን ስለሆነ የተረፈው ያው ነው።

ዳቦው ደረቀ፣ ክሬሙ ወረደ

ዳቦ ፍሪጅ ውስጥ ቶሎ ይደርቃል፣ ወይ ውጪ ወይ ፍሪዘር። የደረቀውን ውሃ እርጭ አርጋችሁ 180 ላይ 5 ደቂቃ፣ ይመለሳል፣ ግን ወዲያው ይበላ። በጣሳ የሚነፋ ክሬም ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚሟሽሽ ኬኩ ላይ የሚነፋው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ነው።

ሁሉም ነገር ፓኬት ፓኬት ይላል

የተገዛ ምግብ ጨውና ስኳሩ በደንብ አለው፣ የሚጎድለው ጎምዛዛ፣ ትኩስ ቅጠልና ኮሽ የሚል ነገር ነው። ሾርባው ላይ ሎሚ፣ የተፈጨ ድንቹ ላይ ቅቤና ቁንዶ በርበሬ፣ አትክልቱ ላይ የተቆላ ለውዝ፣ ሰላጣው ላይ ደሞ የራሳችሁ ሶስ፣ እሱንም ሊበላ ሲል ብቻ፣ ጨው ያለበት ሶስ ቀድሞ ከፈሰሰበት ቅጠሉ ውሃ አውጥቶ ይጠወልጋል። ከጠቅላላው አንድ ነገር ብቻ ከባዶ ስሩ ከተባለ እኔ ሶሱን እመርጣለሁ፣ ሁሉም ላይ ስለሚፈስ።

የተረፈውን በ2 ሰዓት ውስጥ ጠፍጣፋ እቃ ውስጥ ከፋፍላችሁ ፍሪጅ አስገቡ፣ በትልቅ ድስት እንዳለ ከገባ መሃሉ ሳይቀዘቅዝ ይቆያል። 3 ወይ 4 ቀን ድረስ ይበላል።