የፖሊስ ስልጠና ግብዓቶችን በጋራ መጠቀም፦ ለድሬዳዋና ለሐረር የስልጠና ክፍሎች

ድሬዳዋና ሐረር በደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ የተያያዙ ጎረቤታሞች ቢሆኑም ፖሊሶቻቸው በተለያየ አስተዳደርና በተለያየ በጀት የሚተዳደሩ በመሆናቸው፣ የአለቆች መቀራረብ ብቻውን ስልጠናን በጋራ ለማካሄድ አያበቃም። የተፈረመ የመግባቢያ ሰነድ ያስፈልጋል።

ሰነዱን ከመጻፍ በፊት ግን ሁለቱም ወገኖች ያላቸውን ንብረት በዝርዝር ይመዝግቡ። «አዳራሽ አለን» ማለት አይበቃም፤ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ በየትኞቹ ቀናት ባዶ እንደሚሆንና መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር መኖር አለመኖሩ ይጻፍ። አሰልጣኞችም ከሙያቸው በተጨማሪ በሚያስተምሩበት ቋንቋ፣ ማለትም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሐረሪ ይመዝገቡ።

ጅምሩ በአንድ ኮርስ ቢወሰን ይመረጣል። የእኔ ምርጫ የትራፊክ አደጋ ምርመራ ነው፤ ምክንያቱም መንገዱ የጋራ ነው፣ አብዛኛው ክፍሉም በሐረማያና በአወዳይ በኩል በኦሮሚያ ክልል ስለሚያልፍ የዚያ ፖሊስ ከመጀመሪያው መጋበዝ አለበት። ለተግባር ልምምድ አንድ የተጋጨ ባጃጅ ግቢ ውስጥ ይቆማል (በኤግዚቢትነት፣ ማለትም በፍርድ ቤት ማስረጃነት፣ የተያዘ እንዳይሆን አስቀድሞ ይጣራ)። የድሬዳዋው ሰልጣኝ ከመብራት ምሰሶው እስከ ጎማው በሜትር ሲለካ የሐረሩ የአደጋውን ቦታ ንድፍ ይሥላል፤ ከዚያም ተራ ይለዋወጣሉ። ሁለቱ ንድፎች በርቀት ከተለያዩ ልኬቱ እንደገና ይሠራል።

ሞጁል (የስልጠና ማስተማሪያ ጽሑፍ) ከመለዋወጥ በፊት የሕግ ይዘቱ ይፈተሽ። ለምሳሌ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ አግባብ ያለው የጉዞ ጊዜ ግን በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ይህን የጉዞ ነገር የዘነጋ ሞጁል ሰልጣኙን ያሳስታል። ለማስተማሪያ የሚቀርቡ የምርመራ መዝገቦች ላይም የተጎጂዎችና የተጠርጣሪዎች ስም ይሰረዝ።

ትብብር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከለው በትንንሽ ጉዳዮች ነው። በአንድ ወቅት በተሳተፍኩበት ስልጠና ተሽከርካሪው በሰዓቱ ቢቀርብም ነዳጁን ማን እንደሚሞላ አስቀድሞ ባለመወሰኑ ሰልጣኞች እስከ ምሳ ሰዓት ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ስለዚህ ነዳጅ፣ የአሰልጣኝ ውሎ አበልና የብልሽት ጥገና በማን በጀት እንደሚሸፈን በሰነዱ ላይ በግልጽ ይስፈር። ይህም የሁለቱም በጀት ሐምሌ 1 ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለበት። ንብረት በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ቅጽ) ወጥቶ ሲመለስ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ቅጽ) ገቢ ይደረግ፤ የተኩስ ልምምድ ካለም ጥይት ተቆጥሮ ይሰጥ፣ ቀለሃውም ተቆጥሮ ይመለስ።

በድሬዳዋ የሚካሄድ የመስክ ልምምድ ከሙቀቱ የተነሳ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ቢጠናቀቅ ይሻላል። ኮርሱ ካለቀ ከሦስት ወር በኋላ የሐረሩ አሰልጣኝ ድሬዳዋ ወርዶ፣ የድሬዳዋውም ሐረር ወጥቶ፣ ሰልጣኞቹ በእውነተኛ አደጋ ቦታ የሠሯቸውን ንድፎች ይመልከቱ፤ የሚቀጥለው ኮርስ የሚዘጋጀው በእነዚያ ንድፎች ላይ በታዩት ስሕተቶች መነሻነት ነው።