በጋራ ሰርቨር ላይ ወደ አዲስ ኮምፓይለር ሲሸጋገሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ የጣናን ተፋሰስ በሞዴል የሚያጠና የድኅረ ምረቃ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ሰርቨር የለውም። አንዱ ግልገል ዓባይን፣ ሌላው ርብን ወይም ጉማራን፣ ሌላው መገጭን እያሰላ ሁሉም አንድ የሊኑክስ ማሽን ይጋራሉ። ማሽኑ የሚሠራው ሴንትኦኤስ 7 በተባለው ሲስተም ከሆነ አብሮት የመጣው ኮምፓይለር፣ ማለትም የተጻፈን ኮድ ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚቀይረው፣ ጂሲሲ 4.8.5 ነው። የሲስተሙ ድጋፍ ራሱ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. አብቅቷል። አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች ሲ ፕላስ ፕላስ 17 የተባለውን የቋንቋ ደረጃ ይጠይቃሉ፤ 4.8.5 ደግሞ ከሲ ፕላስ ፕላስ 11 ብዙም አያልፍም። ስለዚህ መሸጋገሩ አይቀርም። ችግር የሚመጣው ሰው በማሽኑ ላይ ብቻውን ያለ ይመስል ሲሸጋገር ነው።

የሲስተሙን ኮምፓይለር መተካት

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። የሱዶ (የአስተዳዳሪነት) ፈቃድ ያለው ሰው አዲሱን ጂሲሲ ከምንጭ ኮዱ ይሠራና በቀድሞው ቦታ ላይ ይጭነዋል። ለሳምንታት ምንም ላይታይ ይችላል። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ታድሶ የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር እንደገና ኮምፓይል መደረግ ሲኖርበት ግን ከርነሉ የተሠራበት ኮምፓይለርና አሁን የተገኘው ላይጣጣሙ ይችላሉ። ድራይቨሩ ሳይነሳ ይቀራል፤ በጂፒዩ የሚሠራው ባልደረባም ማን ምን እንደነካ አያውቅም።

ሴንትኦኤስ የተቀዳበትን ሊኑክስ የሚያወጣው ሬድ ሃት ለዚህ የሚሆን መንገድ ካዘጋጀ ቆይቷል። በ7ኛው እትም ዴቭቱልሴት፣ ከ8ኛው ጀምሮ ጂሲሲ ቱልሴት በሚል ስም አዲሱ ኮምፓይለር ኦፕት በተባለው ማውጫ ሥር ለብቻው ይቀመጣል። የፈለገ ያነቃዋል፣ ያልፈለገ አይነካውም። ግሊብሲን (አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የሚጋሩትን መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ) በእጅ ማደስማ ጨርሶ አይሞከር፤ የፋይል ዝርዝር የሚያሳየው ትእዛዝ ሳይቀር የቆመው በእርሱ ላይ ነው።

ማንቂያውን ባሽአርሲ ውስጥ መጻፍ

ኤስሲኤል ኢኔብል የሚለው ትእዛዝ ቱልሴቱን የሚያነቃው አዲስ ሼል (ትእዛዝ ተቀባይ) ከፍቶ ነው። ያ ሼል ሲከፈት ባሽአርሲ የተባለውን የመነሻ መቼት ፋይል ያነባል፤ ባሽአርሲም ሌላ ሼል ይከፍታል፤ እንዲህ እያለ ማብቂያ የለውም። «ሰርቨሩ አላስገባኝም» ብሎ የሚደውል ተማሪ ሲኖር መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ማንቂያው መግባት ያለበት ፕሮጀክቱን በሚያስነሳው ስክሪፕት ውስጥ ነው። በክሮን (ሥራን በተቀጠረለት ሰዓት በሚያስነሳው ፕሮግራም) ሌሊት የሚነሳ ሥራ የእርስዎን ተርሚናል መቼት ይዞ አይነሳም፤ ቀን በተርሚናል የሠራው ፕሮግራም ሌሊት ላይብረሪው ጠፋብኝ ብሎ ይቆማል። ሰርቨሩ ሞጁል ሲስተም (የፕሮግራሞችን እትም እየመረጡ የሚያነቁበት) ካለው ደግሞ የኮምፓይለሩን ስም ከነእትም ቁጥሩ ይጻፉ። ስሙን ብቻ ከጻፉ አስተዳዳሪው ነባሪውን እትም በቀየረ ቀን የእርስዎም ሳያውቁት ይቀየራል።

የድሮ ላይብረሪን ከአዲስ ኮምፓይለር ጋር ማቀላቀል

የውሃና የአየር ንብረት ሞዴሎች በአብዛኛው ፎርትራን በተባለው ቋንቋ የተጻፉ ስለሆኑ እኛ አካባቢ ብዙ ቀን የሚበላው ይህ ስህተት ነው። ፎርትራን ኮምፓይል ሲደረግ የሞጁል ፋይሎችን ይፈጥራል፤ የፋይሎቹ ቅርጽ ደግሞ ከኮምፓይለሩ ጋር የተሳሰረ ነው። ኔትሲዲኤፍ የተባለው የመረጃ ፋይል ላይብረሪ በድሮው ጂሲሲ ተሠርቶ ሞዴሉ በአዲሱ ሲሞከር፣ የሞጁል ፋይሉ በሌላ የፎርትራን እትም የተፈጠረ ነው የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል። በኢንቴል ኮምፓይለር የተፈጠረውን ጂሲሲ ጭራሽ አያነበውም። ይህ በግልጽ ስለሚናገር ደግ ስህተት ነው። መፍትሔው አንድ ነው፤ ሞዴሉ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች፣ ማለትም ኤምፒአይን፣ ኤችዲኤፍ 5ን፣ ኔትሲዲኤፍን፣ ሁሉንም በአንድ ኮምፓይለር እንደገና መሥራትና ማውጫውን በኮምፓይለሩ ስምና ቁጥር መሰየም።

ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ነገሩ ረቀቅ ይላል። ጂሲሲ 5 ጽሑፍ የሚይዘውን የዳታ ዓይነት ውስጣዊ አቀማመጥ ቀይሯል። በሬድ ሃት 7 ላይ ያለው ዴቭቱልሴት ግን ከሲስተሙ ላይብረሪዎች ጋር ለመስማማት አሮጌውን አቀማመጥ እንደያዘ ነው። ስለዚህ ኮንዳ ከተባለው የጥቅል አቅራቢ የወረደ ላይብረሪ ከዴቭቱልሴት ጋር ሲያያዝ፣ ላይብረሪው ፊት ለፊት ተቀምጦ እያለ ያልተገኙ ስሞች ዝርዝር ስክሪኑን ይሞላዋል። የኮንዳውን ላይብረሪ ከኮንዳው ኮምፓይለር ጋር ያኑሩት።

ሲሜክ የተባለውን የግንባታ መሣሪያ የሚጠቀም ሰው ደግሞ የግንባታ ማውጫውን ሙሉ በሙሉ ይሰርዝ። ሲሜክ መጀመሪያ ያገኘውን ኮምፓይለር በካሹ ውስጥ መዝግቦ ስለሚይዝ፣ አዲሱን አንቅተውም በድሮው ሲሠራ ሊውል ይችላል።

የስህተት መልእክትን አፍ ማስያዝ

ጂሲሲ 10 በፎርትራን ጥሪዎች መካከል የማይጣጣሙ አርጉመንቶችን (በጥሪው የሚሰጡ ግብዓቶችን) እንደ ስህተት መቁጠር ጀምሯል፤ ጂሲሲ 14 ደግሞ በሲ ያልታወጀ ፋንክሽን መጥራትን ከልክሏል። ሁለቱንም ወደ ማስጠንቀቂያ የሚመልስ አማራጭ አለ። ሌላ ሰው ለጻፈው የቆየ የፎርትራን ኮድ አማራጩን መጠቀም አያስነውርም። የሲውን ግን እንዲህ ባያልፉት ይሻላል፤ ያልታወጀ ፋንክሽን ኢንቲጀር እንደሚመልስ ስለሚታሰብ፣ በ64 ቢት ማሽን ላይ የሚመለሰው አድራሻ ተቆርጦ ፕሮግራሙ ሌላ ቦታ ላይ ይወድቃል። ፋንክሽኑን የሚያውጀውን ራስጌ ፋይል መጨመር የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ቁጥሮቹ እንዳልተለወጡ ማመን

ፕሮግራሙ ኮምፓይል ሆነ፣ ተነሳ፣ ግራፉም ወጣ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል፤ እኔ ግን ዋናው ሥራ ገና አልተጀመረም ባይ ነኝ።

ለማሽኑ ልዩ ተብሎ ኮምፓይል የተደረገ ኮድ ማባዛትንና መደመርን በአንድ እርምጃ የሚሠራውን የፕሮሰሰሩን ትእዛዝ ሊጠቀም ይችላል። ሁለት ጊዜ ይጠጋጋ የነበረው ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚጠጋጋ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ይለያያሉ። ብቻውን ኢምንት ነው። ነገር ግን የሐይቁ ከፍታ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ጨረጨራ በተባለው የሐይቁ መውጫ ግድብ በኩል የሚለቀቀውን ውሃ የሚቀይር ሁኔታ ሞዴሉ ውስጥ ካለ፣ ያቺ ኢምንት ልዩነት አንድን ቀን ከመስመሩ በታች የነበረውን ከመስመሩ በላይ ልታደርገው ትችላለች። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ሁሉ ይህን ይዘው ይሄዳሉ።

ከኢንቴል ኮምፓይለሮች ጋር የሚሠሩ ሰዎች የበለጠ ይጠንቀቁ። የሲው ኮምፓይለር አይሲሲ ከ2024 እትም፣ የፎርትራኑ አይፎርት ከ2025 እትም ጀምሮ ተቋርጠዋል። የተኳቸው አይሲኤክስና አይኤፍኤክስ ኤልኤልቪኤም በተባለው የኮምፓይለር መሠረት ላይ የተገነቡ ሌላ ኮምፓይለሮች ናቸው። ነባሪ መቼታቸው ፍጥነትን ስለሚያስቀድም፣ ለማነጻጸር ሲሉ የተንሳፋፊ ነጥብ ስሌቱን ወደ ጥብቁ አማራጭ ይቀይሩት።

አንድ የታወቀ ዘመን መርጠው በሁለቱም ኮምፓይለሮች ያስኬዱ፤ ምን ያህል ልዩነት እንደሚቀበሉ ውጤቱን ሳያዩ አስቀድመው ይወስኑ። የመመረቂያ ጽሑፍዎ ምዕራፍ ስሌት ግማሹ በድሮው ተሠርቶ ከሆነ ቀሪውንም በድሮው ይጨርሱት።

በዚያው ለማሽኑ ልዩ በሚለው አማራጭ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። መግቢያው ሰርቨር አዲስ፣ ስሌት የሚሠሩት ኖዶች (ማሽኖች) አሮጌ ከሆኑ ፕሮግራሙ «የማይታወቅ ትእዛዝ» ብሎ ይሞታል። በአሮጌው ኖድ ላይ ኮምፓይል ያድርጉ።

ሁሉንም ኮር ይዞ መገንባት

ጂሲሲን ከምንጩ መሥራት ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ሁሉንም የፕሮሰሰር ኮር ከወሰዱ የሌላው ሰው ሥራ ይቆማል፤ ጥቂት ኮሮችን ወስደው ቅድሚያውን ዝቅ አድርገው ያስኬዱት። ክረምት ላይ መብራት ሲሄድ ሰርቨሩ በጄኔሬተር መሥራቱን ቢቀጥል እንኳን የእርስዎ ዋይፋይ ይቋረጣል፤ ተርሚናል ላይ የነበረው ግንባታም አብሮ ይቋረጣል። ግንኙነቱ ቢቋረጥም ሥራውን በሚያስቀጥሉት በቲመክስ ወይም በስክሪን ውስጥ ይጀምሩት። ብዙ ጊጋባይት የሚይዘውን የኢንቴል ጥቅልም አንድ ሰው ለሁሉም ያውርደው።

አሮጌውን ቶሎ ማጥፋት

ዲስክ ሲሞላ መጀመሪያ የሚታየው የድሮው ኮምፓይለር ማውጫ ነው። ከመሰረዝዎ በፊት የጋራ ፕሮግራሞቹን ኤልዲዲ በተባለው ትእዛዝ ይፈትሹ፤ የትኛው ከድሮው ላይብረሪ ጋር እንደተያያዘ ያሳያል። በተማሪዎች የግል ማውጫ ያለውን ግን በዚህ አያገኙትምና ባለቤቶቹን ይጠይቁ። የመመረቂያ ጽሑፉን ገና ያልተከላከለ ተማሪ ካለ ማውጫውን አይንኩ፤ ከሞጁል ዝርዝሩ ብቻ ይሰውሩት።