ትንሽ ኮሌጅ ፉትቦል ሲጀምር የሚሳሳትባቸው ነገሮች

የማወራው ሞላላ ኳስ በእጅ ስለሚያዝበት የአሜሪካ ፉትቦል ነው። ዓመታቱም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ትልቁ ስህተት ባላንጣን በአዋጅ መፍጠር ነው። ቡድኑ አንድ ጨዋታ ሳያደርግ ዋንጫ ይሠራለታል፣ «ታሪካዊው ፍልሚያ» የሚል ፖስተር ይለጠፋል። የምን ታሪክ? ኢንዲያና ውስጥ ዋባሽና ዲፓው የሚባሉ ኮሌጆች መጋጠም የጀመሩት በ1890 ነው። ዛሬ አሸናፊው የሚወስደው የባቡር ደወል የመጣው ግን በ1932 ነው። 42 ዓመት ያለ ደወል ተጫውተዋል ማለት ነው! ከዚያ ደግሞ ተማሪዎቹ ደወሉን እየተሰራረቁ ዝናውን አገነኑት። ያዘዛቸው ኮሚቴ የለም።

የማሳቹሴትሶቹ ኮሌጆች የአምኸርስትና የዊሊያምስ ቂምማ ከኳሱም ይቀድማል። በ1821 የዊሊያምስ ፕሬዚዳንት የተወሰኑ ተማሪዎችን አስከትሎ ሄደና የአዲሱ አምኸርስት የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። መጻሕፍትም ይዞ ጠፍቷል የሚለው አፈ ታሪክ እስካሁን መቀለጃ ነው። በፉትቦል የገጠሙት ገና በ1884 ነው። ስለዚህ አዲስ ቡድን ቅርብ ጎረቤቱን ይምረጥ፣ በየዓመቱ ይጫወት። ስድቡ ራሱ ይመጣል።

ሁለተኛው፣ ፉትቦል ኮሌጁን ያድነዋል ብሎ ማሰብ። ሂሳቡ ያማልላል። ትንንሽ ኮሌጆች በሚበዙበት የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ደረጃ፣ በሦስተኛው ዲቪዚዮን፣ ለስፖርተኛነት ብቻ የሚሰጥ ነጻ የትምህርት ዕድል የለም። መቶ ተጫዋች መጣ ማለት መቶ ከፋይ መጣ ማለት ነው። ግን አላባማ የነበረው በርሚንግሃም ሳውዘርን ኮሌጅ ፉትቦልን በ2007 መልሶ ጀምሮ በ2024 ተዘጋ። የዘጋው ፉትቦል ነው አላልኩም፤ አላዳነውም ነው የምለው። የዳላሱ ፖል ክዊን በተቃራኒው በ2007 ፉትቦሉን ተወ፣ በኋላም ሜዳውን እርሻ አደረገው። ጎል በሚቆጠርበት ቦታ አትክልት! እኔ በጣም ወድጄላቸዋለሁ።

ሴቶቹን መርሳትም አለ። በ1972 የወጣው የአሜሪካ ሕግ በኮሌጅ ስፖርትም ለሴቶች እኩል ዕድል ይጠይቃል። መቶ ወንድ ሲጨመር ለሴቶቹ ምን እንደተጨመረ ጠያቂ አይጠፋም።

ሐኪሙን መጨረሻ ላይ መቅጠር ደግሞ ቀልድ አይደለም። ጭንቅላቱን ተመትቶ የአንጎል መናወጥ የደረሰበት ልጅ በዚያው ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም። ይህን የሚወስነው ማሸነፍ የቸኮለው አሠልጣኝ መሆን የለበትም።

የመጀመሪያውን ዓመት በጠንካራ ቡድኖች መሙላትም ያው ነው። አዲሱ ቡድን በአብዛኛው የ18 ዓመት ልጆች ናቸው። ከፊታቸው የሚቆሙት የ21 እና የ22 ዓመት ጎረምሶች፣ ክብደት ሲያነሱ የከረሙ። አንዳንዱ ኮሌጅ የመጀመሪያውን ዓመት በልምምድ ብቻ ያሳልፋል። ትኬት አይሸጥበትም፣ ግን ልጆቹ በእግራቸው ወደ ዶርም ይመለሳሉ።