ሳይረኑን ማን አስጮኸው? የድንገተኛ አደጋ መገናኛ ኔትወርክን እንዴት እንጠብቅ

ኤፕሪል 2017 እ.ኤ.አ.፣ ዳላስ፣ ቴክሳስ። እኩለ ሌሊት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው 156ቱም የማስጠንቀቂያ ሳይረኖች ጮኹ። አደጋ ግን የለም። የደነገጠው ሁሉ 911 በተባለው የአሜሪካ የአደጋ ጥሪ ቁጥር ላይ ተረባረበ። ከተማው በኋላ እንዳለው ጥቃቱ የመጣው በኮምፒውተር ሳይሆን በሬዲዮ ነው።

የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከል ወይም የእሳት አደጋ ሬዲዮ በእጃችሁ ካለ እንዲህ ጀምሩ።

1. ወረቀት አውጡና ለእያንዳንዱ መልእክት ሁለት ጥያቄ ጻፉ፦ ሳይደርስ ቢቀርስ? የውሸት ቢመጣስ? የፖላንድ ባቡሮች ሦስት ተከታታይ ድምፅ በሬዲዮ ሲሰሙ ወዲያው ይቆማሉ፣ ላኪው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኦገስት 2023 ላይ ድምፁ ያለፈቃድ ተልኮ ወደ 20 ባቡሮች ቆሙ። ያናድዳል፤ ግን ሐሳቡ ይገባኛል፣ መቆም ሲገባው ካልቆመ ባቡር በከንቱ የቆመ ይሻላል።

2. ከምስጢር በፊት ማንነት። ብዙ ሰው ምስጠራ ላይ፣ ማለትም መልእክቱን ሌላ እንዳያነበው መቆለፍ ላይ ይሮጣል። ሳይረን ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል፣ ምኑ ይደበቃል? ትዕዛዙ ዲጂታል ፊርማ (ላኪው እውነተኛው መሆኑን የሚያረጋግጥ ኮድ) ይኑረው፣ ሰዓት ወይም ተራ ቁጥርም ይጨመርበት፤ አለዚያ አንዱ የትናንቱን ቀድቶ ዛሬ መልሶ ይለቀዋል። ምስጠራው ለታካሚ ስምና አድራሻ ይሁን። ሻጩ «አሠራሩ ምስጢር ነው» ካላችሁ ጠርጥሩ። ቴትራ በሚባለው የፖሊስና የአደጋ ሬዲዮ ውስጥ ቲኢኤ1 የተባለው ምስጠራ ባለ 80 ቢት ቁልፍ ነው (ቢቱ ሲበዛ ለመስበር ይከብዳል) ሲባል ኖሮ፣ በ2023 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ሲፈትሹት ለካ ወደ 32 ቢት ይወርዳል። ተራ ኮምፒውተር በደቂቃዎች ይሰብረዋል።

3. ኔትወርኩን ለዩት። የጥበቃው ስልክ ዩቲዩብ የሚያይበት ዋይፋይና የጥሪ ማዕከሉ አንድ ራውተር ላይ አይዋሉ። ጥገና ሠራተኛው ከርቀት የሚገባበት መስመር ዝግ ይዋል፤ ሲደውል ይከፈትለት፣ ሲጨርስ ይዘጋ።

4. የቢሮ ልማድ እዚህ አታምጡ። አንዲት እናት «ልጄ አልተነፍስ አለ» እያለች ስትጮህ፣ የኦፕሬተሯ ስክሪን «ፓስወርድዎን 5 ጊዜ ተሳስተዋል፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይሞክሩ» ካለ ምን ይባላል? ደግሞ ፓስወርዱ በየወሩ ሲቀየር ኦፕሬተሯ ወረቀት ላይ ጽፋ ኪቦርዱ ስር ትለጥፈዋለች፣ አልፈርድባትም። በፓስወርድ ፈንታ አስጠግታ የምትገባበት ካርድ ስጧት፣ ክፍሉንም በር ላይ ቆልፉት።

5. ሰርተፊኬት፣ ማለትም የመሣሪያው ዲጂታል መታወቂያ፣ ጊዜው ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ዛሬውኑ ወስኑ። እኔ ብሆን የእርዳታ ጥሪው እንዲያልፍ፣ ቴክኒሻኑ ላይ ግን ማንቂያ እንዲጮህ አደርጋለሁ። የሳይረን ትዕዛዝ ከሆነ አላሳልፍም፤ ሰው ሄዶ በእጁ ያስነሳው።

6. በመጨረሻ ሥራ በሚቀልበት ጠዋት፣ ለሁሉም ተናግራችሁ፣ ዋናውን ገመድ ንቀሉት። ሰዓት ያዙ። መጠባበቂያው ሬዲዮ ላይ የመጀመሪያው ጥሪ እስኪሰማ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ባትሪውስ ቻርጅ ነበረው?