የኬሚካላዊ እኩልታ ንባብ ሲሳሳት፦ ችግሩና መፍትሄው

ምልክት፦ አተሞቹ ተመጣጠኑ፣ ውሃው ግን ውሃ መሆኑ ቀረ።

ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተዋህደው ውሃ ሲሰጡ በግራ 2፣ በቀኝ ግን 1 የኦክስጅን አተም ብቻ መኖሩን ያየ ተማሪ፣ በውሃው ቀመር ውስጥ ከኦክስጅን ግርጌ 2 ቁጥርን ይጨምራል። ቆጠራው ይስተካከላል፤ የተጻፈው ግን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። የግርጌው ትንሽ ቁጥር የንጥረ ነገሩን ማንነት የሚወስን በመሆኑ አይነካም፤ የሚስተካከለው ከቀመሩ ፊት የሚጻፈው ቁጥር ነው። ስለዚህ 2 ሞለኪውል ሃይድሮጅን ከ1 ሞለኪውል ኦክስጅን ጋር 2 ሞለኪውል ውሃ ይሰጣል።

ምልክት፦ የግራሙ ስሌት አልገጥም አለ።

ምክንያቱ 2 ለ 1 የሚለው ንጽጽር እንደ ክብደት መነበቡ ነው። ቁጥሮቹ የሚቆጥሩት ሞለኪውሎችን ነው፤ አንድ የኦክስጅን አተም ደግሞ ከአንድ የሃይድሮጅን አተም 16 ጊዜ ያህል ይከብዳል። መፍትሄው ግራሙን አስቀድሞ ወደ ሞል (ሞለኪውሎችን እኩል ብዛት ባላቸው ጥቅሎች መቁጠሪያ አሃድ) መለወጥ ነው፦ 2 ሞል ሃይድሮጅን 4 ግራም፣ 1 ሞል ኦክስጅን 32 ግራም፣ የሚገኘው 2 ሞል ውሃ 36 ግራም ይመዝናል። እንግዲህ በክብደት ንጽጽሩ 1 ለ 8 ነው። በዝግ ዕቃ ውስጥ ከሁለቱም ጋዞች 10፣ 10 ግራም ተጨምሮ ቢቀጣጠል፣ ኦክስጅኑ 1.25 ግራም ሃይድሮጅን ብቻ ወስዶ ያልቅና 11.25 ግራም ውሃ ይገኛል፤ 8.75 ግራም ሃይድሮጅን ግን እንዳለ ይቀራል። ጠቅላላው አሁንም 20 ግራም ነው። ትርፉ በእኩልታው ላይ የማይታየው፣ እኩልታው የሚናገረው ዕቃው ውስጥ ስለተጨመረው ሁሉ ሳይሆን በለውጡ ስለሚሳተፈው ብቻ ስለሆነ ነው።

ምልክት፦ የግራና የቀኝ ሞለኪውሎች ቁጥር ተለያየ።

ይህ ስህተት አይደለም። 1 ሞለኪውል ናይትሮጅንና 3 ሞለኪውል ሃይድሮጅን 2 ሞለኪውል አሞኒያ ሲሆኑ አራቱ ሁለት ይሆናሉ፤ 2ቱ የናይትሮጅንና 6ቱ የሃይድሮጅን አተሞች ግን በሁለቱም ወገን አሉ። «እኩልታ» የሚለው ስም ራሱ ሳያሳስት አይቀርም፤ በግራና በቀኝ መካከል የሚጻፈውን ቀስት «እኩል ነው» ከማለት «ወደዚህ ይለወጣል» ብሎ ማንበብ ይሻላል።

ምልክት፦ እኩልታው ትክክል ነው፣ በዕቃው ውስጥ ግን ምንም አልተለወጠም።

የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ድብልቅ ብልጭታ ካልነካው በክፍል ሙቀት ሳይለወጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። እኩልታው የመነሻውንና የመድረሻውን ሒሳብ እንጂ ፍጥነቱንም ሆነ መንገዱን አይነግርም፤ እነዚህ የሚታወቁት በሙከራ ነው።