ለሥራ ወደ ናይሮቢ ሲሄዱ የሆቴል ቆይታዎን እንዴት ያቅዳሉ?

ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ለመድረስ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሚበቃ፣ ብዙ ነጋዴዎችና የድርጅት ሠራተኞች ጉዞውን እንደ አገር ውስጥ መንገድ ቆጥረው ትኬቱን ይቆርጡና ማረፊያውን በመጨረሻው ቀን፣ ዋጋውንና የኮከቡን ብዛት ብቻ አይተው ይይዛሉ። በናይሮቢ ግን የሥራ ሰው ቀኑን የሚያተርፈውም የሚያጣውም መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ከሆቴሉ ደረጃ ይልቅ ሆቴሉ ያለበት ሠፈር ይበልጣል። ባለአምስት ኮከብ ሆቴል አድሮ ለሦስት ሰዓት ቀጠሮ አራት ሰዓት ተኩል ከመድረስ፣ ከቀጠሮው ቦታ በእግር በሚደረስበት ባለሦስት ኮከብ ሆቴል ማረፍ ለሥራው እጅግ ይሻላል።

ስለዚህ የሆቴሎችን ዝርዝር ከመመልከትዎ በፊት የቀጠሮዎችዎን አድራሻ አንድ በአንድ ካርታ ላይ ያስፍሩ፤ የሚያገኙትንም ሰው የሠፈሩን፣ የመንገዱንና የሕንፃውን ስም ይጠይቁ። ፓርላማው፣ ብዙዎቹ ሚኒስቴሮች፣ የኬንያታ ዓለም አቀፍ የጉባኤ ማዕከልና የገቢዎች ባለሥልጣኑ ዋና መሥሪያ ቤት ያሉት በመሀል ከተማው ነው። ትልልቅ ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ጉዳይ ከሆነ የሚሄዱት አብዛኛውን ጊዜ ወደ አፐር ሂል ነው። ዌስትላንድስ የቴክኖሎጂና የአማካሪ ድርጅቶች፣ እንዲሁም በሳሪት ሴንተር የሚካሄዱ የንግድ ትርዒቶች መገኛ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራምና የሰዎች አሰፋፈር ፕሮግራም (ዩኤን ሀቢታት) ዋና መሥሪያ ቤቶች፣ እንዲሁም የአሜሪካ ኤምባሲ ከከተማው በስተሰሜን በጊጊሪ ይገኛሉ። ፋብሪካና መጋዘን ለማየት የሚሄድ ሰው ኢንደስትሪያል ኤሪያንና የሞምባሳ መንገድን፣ የጅምላ ጨርቃ ጨርቅና የአልባሳት ነጋዴ ደግሞ ኢስትሌይን ማሰቡ አይቀርም።

ቀጠሮዎችዎ በአንድ ሠፈር ከተሰበሰቡ ጥያቄው ተመለሰ ማለት ነው፤ እዚያው ይረፉ። ቀጠሮዎቹ የተበታተኑ ከሆነ ግን በእኔ ግምት ዌስትላንድስ ከሌሎቹ ይመረጣል። ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተውና 27 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የክፍያ ፈጣን መንገድ ከምሎሎንጎ ተነስቶ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል አልፎ፣ የመሀል ከተማውን መጨናነቅ ከላይ ተሻግሮ የሚያበቃው በዚያ ነው። የጆሞ ኬንያታ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሀል ከተማው በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ይህን ርቀት በታችኛው መንገድ በሥራ መውጫ ሰዓት መጓዝ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲፈጅ፣ በፈጣኑ መንገድ ግን በጣም ያጥራል። የመንገዱን ክፍያ የሚሸፍነው ብዙ ጊዜ ተሳፋሪው ስለሆነ፣ ሹፌሩ ገና ሳይነሳ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድና ክፍያው በታሪፉ ውስጥ መካተት አለመካተቱን መነጋገር ያስፈልጋል። ከመንገዱ መውጫዎች አንዱ በመሀል ከተማው በኃይለ ሥላሴ ጎዳና ላይ ስለሚገኝ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጉዳይ ያለው ሰውም ይጠቀምበታል። ከጠዋቱ አንድ እስከ ሦስት ሰዓትና ከቀኑ አሥራ አንድ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ድረስ ከተማው እጅግ የሚጨናነቅበት ጊዜ በመሆኑ፣ በአንድ ቀን ጊጊሪንና የሞምባሳ መንገድን የሚያገናኝ የቀጠሮ ዝርዝር አያውጡ።

ቀኑን ሲወስኑ የናይሮቢ ወቅቶች ከአዲስ አበባ እንደሚለዩ ያስቡ። ረዥሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ደግሞ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ይጥላል፤ በእኛ ክረምት ወቅት ናይሮቢ ደረቅ፣ ደመናማና ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ካፖርት እንጂ ጃንጥላ አያስፈልግም። በረዥሙ ዝናብ ወቅት መንገዶች በጎርፍ ሊዘጉ ይችላሉ፤ በ2024 በኤፕሪልና በሜይ የደረሰው የጎርፍ አደጋ የከተማዋን ብዙ ሠፈሮች አጥለቅልቆ ነበር። የኬንያ ብሔራዊ በዓላት ጁን 1፣ ኦክቶበር 20 እና ዲሴምበር 12 ይውላሉ፤ በዓሉ እሑድ ከዋለ ደግሞ ሰኞም ይዘጋል። ኬንያውያን የገናን በዓል የሚያከብሩት ዲሴምበር 25 በመሆኑ፣ ከዲሴምበር አጋማሽ በኋላ ብዙ ቢሮዎች ይቀዛቀዛሉ፤ የእኛ ገና ሲደርስ ግን እነርሱ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። በጊጊሪ ትልቅ ዓለም አቀፍ ጉባኤ በሚካሄድበት ሳምንት፣ ለምሳሌ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ በሚሰበሰብበት ጊዜ፣ በሰሜኑ የከተማ ክፍል አልጋ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሚሆን የጉባኤዎቹን ቀን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

የሰዓትና የቀን አቆጣጠር ልዩነት እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ናይሮቢና አዲስ አበባ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው፤ ነገር ግን ሆቴሉ የሚልክልዎት ማረጋገጫ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ነው። የብዙ ሆቴሎች መግቢያ ሰዓት 14፡00 ሲሆን ይህ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ መውጫው 10፡00 ወይም 11፡00፣ ማለትም ከጠዋቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው። ይበልጥ የሚያሳስበው ሌሊት የሚገባ በረራ ነው። አውሮፕላንዎ በ15ኛው ቀን ከሌሊቱ 7 ሰዓት የሚያርፍ ከሆነ፣ ክፍሉ መያዝ ያለበት ከ14ኛው ቀን ጀምሮ ነው፤ ለ15 ከያዙ ሆቴሉ ክፍሉን የሚያስረክብዎት በዚያው በ15ኛው ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ይሆናል። ለሆቴሉ በሚጽፉት መልእክት ላይ የበረራ ቁጥርዎን ከሌሊት መድረስዎ ጋር ይግለጹ፤ አለዚያ እንግዳው ቀርቷል ተብሎ ክፍሉ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል።

ዋጋ ሲጠይቁ የተነገረዎት ቁጥር ሁሉን ያካተተ መሆኑን በጽሑፍ ያስረግጡ። በኬንያ የተጨማሪ እሴት ታክስ 16 በመቶ ነው፤ በሆቴል ሒሳብ ላይ በተጨማሪ 2 በመቶ የቱሪዝም ክፍያ ይጨመራል፤ አንዳንድ ሆቴሎች የአገልግሎት ክፍያም ያስባሉ። ርካሽ መስሎ የታየው ዋጋ እነዚህ ሲደመሩበት ከሌላው ሊበልጥ ይችላል። ቁርስ መካተት አለመካተቱን፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚቀርብ፣ ቀጠሮው ቢሰረዝ እስከ መቼ ያለ ቅጣት መተው እንደሚቻል፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ክፍሎችን ጭምር ይሸፍን እንደሆነ፣ በክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚሠራበት ጠረጴዛ መኖሩንና እንግዳ የሚቀበሉበት ጸጥ ያለ ቦታ ካለ ይጠይቁ። የቪዲዮ ስብሰባ የሚያደርጉ ከሆነ በይነመረቡ ፈጣን ነው የሚለውን መልስ ብቻ አይመኑ፤ በቅርቡ ያደሩ እንግዶች የጻፉትን አስተያየት ያንብቡ፣ መጠባበቂያ የሞባይል ዳታም ያዘጋጁ።

ለእኛ አገር ተጓዥ ከሁሉ የሚከብደው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ብር ናይሮቢ ላይ መመንዘሪያ አያገኝም ብለው ያስቡ፤ የውጭ ምንዛሪውን ከባንክዎ በሕጋዊ መንገድ ያግኙ፣ የሚጠየቁትንም ሰነዶች ከጉዞው ሳምንታት ቀደም ብለው ያሟሉ። የባንኩን ዓለም አቀፍ የቅድመ ክፍያ ካርድ የሚጠቀሙ ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሆቴሎች እንግዳ ሲገባ ለመጠባበቂያ የሚሆን ገንዘብ ከካርዱ ላይ ያግዳሉ፤ ገንዘቡ ባይወሰድም እስኪለቀቅ ድረስ ቀናት ሊፈጅ ስለሚችል፣ በካርዱ ላይ ያለው ቀሪ ለክፍሉ ዋጋ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለምግብና ለታክሲ የሚሆን ይቸግራል። የሚታገደው ምን ያህል እንደሆነና በጥሬ ገንዘብ ማስያዝ ይቻል እንደሆነ በኢሜይል ጠይቀው ይሂዱ። የሚይዙት ዶላር አዲስ እትም፣ ያልተቀደደና ያልተጻፈበት ይሁን።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ ኬንያ ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ ቪዛን በኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ስለተካችና ከዚህ ነፃ የሚሆኑትን አገሮች የሚመለከተው ደንብ ደጋግሞ ስለተሻሻለ፣ ከጉዞው በፊት የኬንያን መንግሥት ይፋዊ ድረ ገጽ መመልከት ይገባል። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ይዘው የሚጓዙ ወገኖቻችን ይህን ፈቃድ ሲጠይቁ የሆቴል ማረጋገጫ ማቅረብ ስለሚኖርባቸው፣ ክፍሉን መያዝ ያለባቸው ማመልከቻውን ከማስገባታቸው በፊት ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ተጓዥ ግዴታ ነው፤ ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መውሰድ ያስፈልጋል፣ አንዴ የተወሰደ ደግሞ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ስለከለከለች፣ ናሙናም ሆነ ጫማ በፌስታል ጠቅልለው ሻንጣዎ ውስጥ አይክተቱ፤ የጨርቅ ከረጢት ይጠቀሙ።

የኬንያ ሶኬት እንደ እንግሊዝ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለውን መሰኪያ የሚቀበል ስለሆነ፣ የእኛ ባለሁለት ክብ ጥርስ ቻርጀር አይገባበትም። ሆቴሎች አዳፕተር ቢያበድሩም ቁጥሩ ውስን ነውና ከአዲስ አበባ ገዝቶ መሄድ ይመረጣል። ኤርፖርት እንደደረሱ ፓስፖርትዎን አሳይተው ሲም ካርድ ያውጡ፤ በዚሁ ሲም ኤምፔሳ ማስመዝገብም ይቻላል። ከታክሲ እስከ ምሳ ቤት ሁሉም የሚከፈልበት በመሆኑ ለሁለት ቀን ቆይታም ቢሆን ይጠቅማል። ታክሲ በኡበር፣ በቦልት ወይም በሊትል የስልክ መተግበሪያ መጥራት ከመንገድ ዳር ከመደራደር የተሻለ ነው። መኪና በግራ በኩል ስለሚነዳ መንገድ ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይመልከቱ፤ ከመሸ በኋላም በመሀል ከተማው ስልክ እያዩ በእግር አይሂዱ።

እ.ኤ.አ. በ2013 በዌስትጌት የገበያ ማዕከል፣ በ2019 ደግሞ በሪቨርሳይድ በሚገኝ የሆቴልና የቢሮ ግቢ ላይ ከደረሱት ጥቃቶች ወዲህ የሆቴልና የቢሮ ፍተሻ ጥብቅ ሆኗል። መኪናው በበሩ ላይ ይፈተሻል፣ ሰውና ሻንጣ በመፈተሻ መሣሪያ ያልፋል፣ ብዙ የቢሮ ሕንፃዎችም መታወቂያ ይመዘግባሉ። ይህ ደግ ነገር ነው፤ በየቀጠሮው ላይ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ጨምሮ መነሳት ብቻ ይጠይቃል። ወደ ሆቴልዎ የሚመጣ እንግዳ ካለ ስሙን አስቀድመው ለእንግዳ መቀበያው ያስመዝግቡ።

ጾም ለሚይዝ ሰው የምግቡ ነገር አስቀድሞ መታሰብ አለበት። በናይሮቢ የሕንድ ዝርያ ያላቸው ብዙ ነዋሪዎች ስላሉ ሥጋ የሌለበት ምግብ በዌስትላንድስና በፓርክላንድስ እንደልብ ይገኛል፤ ነገር ግን ቅቤ፣ እርጎና አይብ ስለሚገባበት ለጾም አይሆንም። ለአስተናጋጁ ሥጋ አልበላም ማለት ስለማይበቃ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤም እንደማይፈልጉ በዝርዝር ይንገሩ። ኡጋሊ የሚባለው የአገሬው የበቆሎ ገንፎ ከሱኩማ ዊኪ (ከጎመን) ወይም ከቦሎቄ ወጥ ጋር፣ እንዲሁም ጊዘሪ የሚባለው የበቆሎና የቦሎቄ ቅቅል፣ በዘይት እንዲሠራ ከተነገረ ጥሩ የጾም ምሳ ነው። እንጀራ ለሚናፍቅ በኪሊማኒና በሃርሊንግሃም አካባቢ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አሉ። ሐላል ምግብ በከተማው በሰፊው ስለሚገኝ ሙስሊም ተጓዦች አይቸገሩም።

ከመውጫው ቀን ዋዜማ ማታ ሒሳብዎን አስወጥተው ይመርምሩት፤ ጠዋት እንግዳው ሁሉ በአንድ ጊዜ በሚወጣበት ሰዓት ስህተት ማረም ይከብዳል። ደረሰኙ በድርጅትዎ ስምና አድራሻ እንዲዘጋጅ ገና ሲገቡ ይጠይቁ፤ ታክሱ ለብቻው የተዘረዘረበት ደረሰኝ ከሌለ አዲስ አበባ ላይ ወጪውን ማወራረድ ችግር ይሆናል። በረራዎ ማታ ከሆነ ሻንጣውን በሆቴሉ አስቀምጠው የመጨረሻ ቀጠሮዎን መፈጸም ይችላሉ፤ ንጋት ላይ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻዋን ሌሊት ከኤርፖርቱ አጠገብ ወዳሉት ሆቴሎች መዛወር ዕረፍት ይሰጣል። ወደ ኤርፖርቱ የሚገባ ተሳፋሪ በግቢው መግቢያ ላይ ከመኪና ወርዶ እንደሚፈተሽ፣ ተርሚናሉ በር ላይም ሌላ ፍተሻ እንዳለ አስበው፣ ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድመው ኤርፖርት ይድረሱ።